በባሬላ እስከ አምስተኛ ፎቅ

ባለፈው ሳምንት ሽንኩርት ልገዛ አዲሱ ገበያ ወጥቼ ባዶ ዘንቢል ይዤ ተመለስኩ። ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይደለም፤ ከታክሲ መያዣው አጠገብ በሚሠራው ሕንጻ ላይ አርማታ እየተሞላ ነበር፣ እርጥብ ሲሚንቶ ደግሞ ለሌላው ሰው የግንባታ ሽታ ይሁን እንጂ እኔን በሃያ ዓመቴ የነበረኝ ጉልበት ነው የሚሸተኝ። ቆም ብዬ ቀና አልኩ። ረጅም ክንድ ያለው መኪና መንገድ ዳር ቆሞ አርማታውን በቱቦ እየገፋ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ይተፋዋል፤ አንድ ወጣት ደግሞ ከአንገቱ ያንጠለጠላትን ትንሽ ሳጥን እየነካካ ያንን ሁሉ ክንድ ያዝዘዋል፣ በመሐልም ስልኩን ያያል። ዙሪያው የብረት መወጣጫ ነው፣ አረንጓዴ መረብ ለብሷል፣ ቆብ ያላደረገ ሠራተኛ የለም። "እናት፣ እዚህ ጋ መቆም አይቻልም" አለኝ ጥበቃው በትሕትና። ልጄ፣ እኔ ከዚህ የባሰ ቦታ ላይ ቆሜ አውቃለሁ ልለው ፈለግኩና ተውኩት።

ያ መኪና የሚሠራውን ሥራ ድሮ የምንሠራው እኛ ነበርን። ባሬላ ይባላል፤ ሁለት ረጃጅም የባሕር ዛፍ እንጨቶች መሐላቸው ላይ ጣውላ ተመትቶባቸው፣ ሕመምተኛ የሚወሰድበት ቃሬዛ የመሰለ ነገር ነው። አንዷ ከፊት አንዷ ከኋላ ትይዘዋለች፣ የሚጫነው ግን አርማታ ነው፣ እሱም ከሰው ይከብዳል፣ ደግሞም አያመሰግንም። መንገዳችን ከሕንጻው ጎን እየተጠማዘዘ የሚወጣ የአጣና መወጣጫ ነበር፤ ጣውላ ተደርድሮበት፣ እግር እንዳያንሸራትት በየእርምጃው ቀጭን እንጨት ተመትቶበት፣ መደገፊያ የሚባል ነገር ግን የሌለበት። ሲረግጡት ይወዛወዛል። መወዛወዙ ጤንነቱ ነው፣ የሚፈራው ዝም ሲል ነው ይለን ነበር ፎርማናችን ጋሽ ደምሴ፤ እሱ ራሱ ግን በእሱ ላይ ሲወጣ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም።

የባሬላ ጓደኛዬ አስካለ ነበረች። የቀጨኔ ልጅ ናት፤ እናቷ ሸክላ ይሠሩ ስለነበር ከባድ ነገር ሳይሰበር ማድረስን ከልጅነቷ ለምዳዋለች። እኔ ምንም አልለመድኩም። ባሬላ ሕግ አለው፦ የፊተኛዋ በቀኝ ከጀመረች የኋለኛዋ በግራ ትጀምራለች፣ እግራቸው ከገጠመ ባሬላው ይዋልላል፣ አርማታው ወደ አንድ ጎን ይፈስሳል፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። እኔ ደግሞ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ነበርኩ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ከጓደኞቼ ጋር በአንድ እርምጃ ግራና ቀኝ እየተወዛወዝኩ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ከፊቴ ያለ ሰው ቀኙን ሲያነሳ የእኔም ቀኝ ሳልጠይቀው ይነሳል። በመጀመሪያው ቀን ሁለተኛው ጥምዝ ላይ እግራችን ገጠመና የባሬላው ግማሽ ወደ ታች ወረደ። ሰው አልነካም፣ ተመስገን፤ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ የነበረውን የጋሽ ደምሴን ኮት ግን አገኘው። ኮቱ ከደረቀ በኋላ ማንም ሳይደግፈው በራሱ ይቆም ነበር። ጋሽ ደምሴ ከፊቱ ቆሞ ለረጅም ጊዜ ካየው በኋላ፣ "ሁለተኛ ከመዘምራን ሰው እንዳትቀጥሩብኝ!" ብሎ ጮኸ።

መላውን የዘየደችው አስካለ ናት። "በቃ፣ እኔ ወያላ ነኝ፣ አንቺ ተሳፋሪ" አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከፊት ሆና "እንጦጦ፣ እንጦጦ፣ እንጦጦ" እያለች ትጣራ ጀመር፤ "እን" ስትል የእሷ ቀኝና የእኔ ግራ፣ "ጦጦ" ስትል የእሷ ግራና የእኔ ቀኝ። ከኋላ ያለችዋ በአርማታው ምክንያት እግሯን እንኳ ስለማታይ ጥምዞቹን ደግሞ በፌርማታ ስም ጠራናቸው። ምድሩ ፒያሳ፣ አንደኛ ፎቅ አራት ኪሎ፣ ሁለተኛው ስድስት ኪሎ፣ ሦስተኛው ሽሮ ሜዳ፣ አራተኛው ቁስቋም፣ አምስተኛው እንጦጦ ማርያም። መተንፈስ ያቃታት "ወራጅ አለ!" ትላለች፣ ባሬላውን ጥምዙ ላይ እናሳርፋለን። ሳምንት ሳይሞላ ሌሎቹም ሴቶች ያዙት፣ ሕንጻው በሙሉ የታክሲ ተራ ሆነ። "በቀን ሃያ ጊዜ ማርያም የምትወጪ ጴንጤ አንቺ ብቻ ነሽ" እያለች አስካለ ትስቅብኛለች፤ እኔም የእሷን መዝሙር እሷም የእኔን ሳናውቀው ለመድን።

ሥራውን እወደው ነበር። ይህን ስናገር ልጆቼ አያምኑኝም። እጄ ተልጦ፣ ጫማዬ ሲሚንቶ ጠጥቶ፣ ማታ ትከሻዬ የሌላ ሰው እስኪመስለኝ ድረስ ደክሞኝ፣ ግን ባሬላውን አምስተኛው ላይ አራግፈን ባዶውን ይዘን ስንዞር ያለችው አንዲት ቅጽበት ሁሉንም ታስረሳኝ ነበር። የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከጀርባ፣ ከተማው በሙሉ ከፊት፣ ነፋሱ ደግሞ ሻሻችንን ሊነጥቀን ሲታገል፤ እኔ የመሬት ሰው እስከዚያ ቀን ድረስ ሰፈሬን ከላይ አይቼው አላውቅም ነበር።

አንድ ችግር ብቻ ነበረ፣ እሱም እማዬ ናት። አባቴ ልስን ሠሪ ነበር፤ እኔ ገና ትንሽ ሳለሁ ከሦስተኛ ፎቅ የእንጨት መወጣጫ ላይ ወደቀ። ተረፈ፣ ግን በከዘራ ሆነ፣ እና ከዓመታት በኋላ ሌላ በሽታ እስኪወስደው ድረስ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ይውል ነበር። እማዬ ያን ጊዜ በጌታ ስም ማለች፦ ከዚህ ቤት ሁለተኛ ሰው እንጨት ላይ አይወጣም። ስለዚህ ሥራ ሳገኝ ስቶር ውስጥ የገባና የወጣ ሲሚንቶ እመዘግባለሁ አልኳት። ከፀጉሬ ላይ የሚረግፈውን ዱቄት ስታይ፣ "ወረቀት ላይ ነው የምትጽፊው ወይስ ከረጢቱ ላይ?" ትለኛለች፤ እኔም አንድ ነገር ቀባጥሬ አልፋለሁ። ይህ ሳያንስ እሑድ ቀን በጉባኤ ፊት ቆማ ልጄ ቢሮ ገብታልኛለች ብላ መሰከረች፣ ሰዉም ሃሌሉያ አለ። እኔ መዘምራን መሐል ቆሜ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። እውነቱን ከነገርኳት ሥራውን አጣለሁ፤ ካልነገርኳት ደግሞ ከዕለታት አንድ ቀን ከሰው ትሰማና እኔን ማመን ታቆማለች። እማዬ የማታምነኝ ልጅ መሆን ከአምስተኛ ፎቅ ይልቅ ያስፈራኝ ነበር፤ ያም ሆኖ ዛሬ ነገ እያልኩ ከረምኩ።

የመጨረሻው ሶሌታ የሚሞላበት ቀን ደረሰ። ሶሌታ ያው የላይኛው ወለል አርማታ ነው፤ አንዴ መሙላት ከተጀመረ እስኪያልቅ አይቆምም፣ ከቆመ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከማለዳ ጀምሮ ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ ሲያልቅ የሕንጻው ባለቤት በግ አርዶ ሠራተኛውን ሁሉ ያበላል፣ ወግ ነው። እማዬ ግብዣው መኖሩን ከጎረቤት ሰምታ፣ እኔን ሳትነግረኝ ድፎ ዳቦ ደፍታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ልጄን ቢሮ ያስገባልኝን ሰው ላመስግን ብላ መጣች። የስቶሩ ኃላፊ እንደነገረኝ፣ ደጁ ላይ ቆማ ማርታ የምትባል ጸሐፊ አለች ወይ ብላ ጠየቀችው። እሱ ክፋት የሌለበት ሰው ነው፤ በጣቱ ወደ ላይ አሳያት። "ማርታ? ያቻትልዎ፣ ከኋላ የያዘችው።"

በዚያች ደቂቃ እኔ በቁስቋምና በማርያም መሐል ነበርኩ። መወጣጫ ላይ ያለ ሰው በስሙ አይጠራም፤ እኛ ሁላችን ይህን እናውቃለን፣ ስሙን የሰማ ሰው ዞር ይላል፣ ባሬላ የያዘ ዞር ካለ ደግሞ ሁለት ሰው ነው የሚወድቀው። እማዬ ይህን ማን እንደነገራት አላውቅም፣ ምናልባት አባቴ ነግሯት ይሆናል። ስትጸልይ ድምጿ ሦስት ግቢ አቋርጦ የሚሰማ ሴት፣ ኃላፊው እንዳለኝ፣ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከታ ዝም አለች። ባሬላውን አራግፈን ባዶውን ይዘን ስንወርድ ነው ያየኋት፤ ብሎኬት ላይ ተቀምጣ፣ ዳቦውን ታቅፋ። እርምጃዬ ተዛነፈና ባዶው ባሬላ ተዋለለ። አስካለ "ምን ሆንሽ?" አለችኝ፤ "እናቴ" አልኳት፤ ሌላ ለመናገር ጊዜ አልነበረም፣ ባሬላው ተሞልቶ ነበር፣ ሶሌታ ደግሞ እናት መጣች ብሎ አይጠብቅም።

ያን ቀን ስንት ጊዜ እንደወጣሁ አላስታውስም፣ እሷ ግን አንዱም አላመለጣትም። ስወጣ ዓይኗ አብሮኝ ይወጣል፣ ስወርድ አንገቷን ትደፋለች። የመጨረሻው ባሬላ ተራግፎ፣ ሰው ሁሉ እልል ብሎ ወደ ጥብሱ ሲሮጥ፣ እኔ እጄን እንኳ ሳልታጠብ ከፊቷ ሄጄ ቆምኩ። የምትለኝን ሁሉ አስቀድሜ በልቤ ሰምቼው ነበር። እሷ ግን ወደ ላይ እያየች፣ "ከዚያ ላይ ቤታችን ይታያል?" አለችኝ።

ይታያል አልኳት። "እንግዲያው አሳይኝ" ብላ ዳቦውን ለስቶሩ ኃላፊ አስታቅፋ ተነሳች። ጋሽ ደምሴ በአጥንት የተሞላ አፉን ይዞ "እናቴ፣ እርስዎ አይወጡም!" እያለ ቢሮጥም፣ "ልጄ ስትወጣው የዋለችበትን እኔ ምን ይሳነኛል?" ብላ አንደኛውን ጣውላ ረገጠች። አስካለ ከፊት ሆነች፣ እማዬን መሐል አስገባናት፣ እኔ ከኋላ። አስካለ ባዶ እጇን "እንጦጦ፣ እንጦጦ" ስትል የእማዬ እግር ሳይሳሳት ይከተላት ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ስትሰማው ውላለች። ሽሮ ሜዳ ስንደርስ ቆመችና እያለከለከች "ወራጅ አለ!" አለች፤ ከታች ያሉት ሴቶች በሣቅ ፈነዱ።

እርጥቡን ሶሌታ እንዳንረግጥ ጥጉ ላይ ባለው ጣውላ ቆምን፤ ወገቧን ይዣለሁ። ፀሐይ ዘቅዝቃ ነበር። መጀመሪያ ያገኘችው የቤተ ክርስቲያናችንን ጣሪያ ነው፣ ከዚያ ድንጋይ የተጫነበትን ቆርቆሯችንን። "ይቺን ነው ስጠርግ የምውለው?" ብላ ሣቀች። እኔም ሣቅሁ። ከዚያ ዓይኗ ደጃፋችን ላይ አረፈ። "አባትሽ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ወደ ሕንጻ ሕንጻው ሲያንጋጥጥ፣ እኔ ለእግሩ የሚያዝን ይመስለኝ ነበር፤ እናደድበት ነበር" አለችኝ። "ለካ ይህ ነው የናፈቀው።" እዚያው ላይ አለቀስን፣ አስካለም ነገሩን ሳታውቀው አብራን አለቀሰች፤ ስንወርድ ግን ርቦን ነበርና ድፎ ዳቦውን በጥብስ በላነው።

ሥራውን አላስተወችኝም። በሚቀጥለው እሑድ ጉባኤ መሐል ተነስታ፣ "ምስክርነቴን ላርም፤ ልጄ ቢሮ አይደለም ያለችው፣ አምስተኛ ፎቅ ነው" አለች፣ ሰዉም ሳይገባው ሃሌሉያ አለ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሕንጻ ተሸከምኩ። በኋላ አርማታ ማንሻው ማሽን መጣ፣ ቀጥሎ ቱቦው፣ ባሬላውን የሚያስታውስ ጠፋ። መጥፋቱ አይቆጨኝም፤ ከሌላ ሕንጻ የወደቁ ሁለት ሴቶች አውቃለሁ፣ ስማቸው እስከ ዛሬ በጸሎቴ ውስጥ አለ። አስካለ ኮንዶሚኒየም ደርሷት ርቃ ሄደች፣ ጉልበቷ ደረጃ አልወጣ ብሏታል፣ ስልክ ስትደውልልኝ ግን ድምጿ ያው ነው።

ሰፈራችን ፈርሷል። እማዬም አርፋለች። ያ ሕንጻ ግን አለ፤ አሳንሰር ገብቶለታል፣ አምስተኛው ፎቅ ላይ የጥርስ ክሊኒክ ተከፍቶበታል። ባለፈው ዓመት ጥርሴን ልነቀል ሄጄ፣ ተራዬን ስጠብቅ በዚያ በቆምንበት ጥግ ወዳለው መስኮት ጠጋ ብዬ መጋረጃውን ገለጥኩ። ከፊት ለፊት የሌላ ሕንጻ ግድግዳ ነበር፣ እጄን ብዘረጋ የምነካው የሚመስል። አሁን እማዬ ብትኖርና አሳይኝ ብትለኝ፣ ምኑን አሳያታለሁ?