ቆሻሻ ብዬ የጣልኳቸው ሰባት ቆርቆሮዎች

ይህ የደረሰብኝ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ በዲቪ ሲያትል በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ስንት ጊዜ ለሰው ላወራው ብዬ አፌ ላይ ከደረሰ በኋላ መልሼዋለሁ። የሚያሳፍረው እኔኑ ስለሆነ ይመስለኛል።

ያኔ ማውንት ቤከር ሰፈር ሚስስ ሩት የሚባሉ የሰማንያ ስምንት ዓመት አሮጊት እንከባከብ ነበር። ጠዋት ገብቼ ቁርሳቸውን እሰጣለሁ፣ መድኃኒታቸውን አስውጣለሁ፣ ልብስ አጥባለሁ፣ አመሻሽ ላይ እወጣለሁ። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። ዘመድ ቢባል ታኮማ የሚኖር የእህታቸው ልጅ ብቻ ነው።

አንዳንዴ ነገር ይምታታባቸዋል። እኔን በሟች ባላቸው ስም የሚጠሩበት ቀን ነበር። ሶ፣ አንድ ቀን ሾርባቸውን እየጠጡ "ልጅ ሆኜ ሆሊውድ ፊልም ሠርቻለሁ" ሲሉኝ፣ "እሺ እማማ" ብዬ ሳህኑን አነሳሁ። በስም መጥራት ስለከበደኝ እማማ ነበር የምላቸው፤ ለምደውታል።

ነሐሴ ላይ፣ እዚህ ሙቀቱ በሚበረታበት ወር፣ ከቤቱ ሥር ያለው ቤዝመንት ይሸት ጀመር። የእህታቸው ልጅ መጣና ከደረጃው ሥር የተደረደሩ ክብ ቆርቆሮዎች አሳየኝ። አንዱን ሲከፍተው የተጠቀለለ ፊልም ነው፤ ጠርዙ ቡናማ ዱቄት ሆኗል።

"ቆሻሻ ነው፣ ሁሉንም አውጣልኝ" ብሎኝ ሄደ።

ሰባት ነበሩ። አስመራ ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ ጓደኛዬ ተስፋልደት ፒካፕ ነበረው፤ ኮል አደረግኩለትና መጣ። ስንጭን ሚስስ ሩት በመስኮት አይተውን ኖሮ መደገፊያ ዎከራቸውን እየገፉ በረንዳ ድረስ ወጡ።

"አትውሰዱብኝ! ፊልሜ ነው! እናቴ እዚያ ውስጥ ናት!"

ተስፋልደት ቆርቆሮውን እንደያዘ ቆመ። "ስማ፣ ሴትየዋ እያለቀሱ እኮ ነው። ብንተወውስ?" አለኝ።

"ይምታታባቸዋል፣ ጫን" አልኩት። ወስደን ከተማው ቆሻሻ መጣያ ደፋነው።

ሚስስ ሩት ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም።

ከዐሥር ቀን በኋላ እዚያው ቤዝመንት ያለው የልብስ ማጠቢያ ውሃ አፈሰሰ። ላየው ብዬ ከግድግዳው ስስበው ከበስተጀርባው ስምንተኛ ቆርቆሮ ወድቆ አገኘሁ። ይዤላቸው ወጣሁ። ጭናቸው ላይ አድርገው ክዳኑን በመዳፋቸው ጠረጉት።

"ይህን የሚያውቅ ሰው ፈልግልኝ" አሉኝ። ያን ዕለት ምንም አልተምታታባቸውም።

ላይብረሪ ስጠይቅ ስለ ድሮ ፊልም የሚያጠና ሰው አገናኙኝ። ቆርቆሮውን በፌስታል አድርጌ፣ በዚያ ሙቀት፣ አውቶቡስ ውስጥ ጭኔ ላይ ይዤው ሄድኩ። አጠገቤ አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር።

ሰውየው ክዳኑን ከፈት አድርጎ አሸተተና ወደ ኋላ አለ።

"በምን መጣህ?"

"በአውቶቡስ።"

የዚያ ዘመን ፊልም እንደ ባሩድ እንደሚቀጣጠል፣ እሳቱ አንዴ ከተነሳ ውሃም እንደማያጠፋው ነገረኝ። ያቺ ሕፃን ትዝ አለችኝ።

እሱ ግን ወዲያው ሌላ ነገር ውስጥ ገባ። ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዞ ምስል በምስል ያየው ጀመር። ሆሊውድ ገና ሲጀምር የተሠራ ድምፅ አልባ ፊልም ነው አለኝ። የዚያ ጊዜ ፊልም ብዙው ተቃጥሏል፣ ብዙው ተጥሏል፤ ይሄኛውም አንድ ቅጂ እንኳ አልተረፈም ተብሎ ተስፋ የተቆረጠበት ነበር።

"ይሄ ሦስተኛው ጥቅል ነው" አለኝ። "ሌሎቹስ የት አሉ?"

የት እንደጣልናቸው ነገርኩት።

በማግስቱ ከተስፋልደት ጋር መጣያው ሄድን። ሠራተኛው ሰምቶን ራሱን ነቀነቀ። "ቆሻሻው በባቡር ነው ኦሪገን የሚሄደው። የእናንተማ ከተቀበረ ሰንብቷል" አለን።

የተረፈችው ጥቅል ካሊፎርኒያ ተልካ፣ እዚያ ያሉ ባለሙያዎች ከብልሽት የተረፈውን ወደ አዲስ ፊልም ገለበጡት። ከብዙ ወራት በኋላ ሰውየው በቪዲዮ ካሴት ይዞልን መጣ። ዴኩ ውስጥ ከተትኩት።

ስድስት ደቂቃ ነው። ምስሉ ዳር ዳሩን እንደ ፈላ ወተት ይገነፍላል፤ መሀሉ ግን ጥርት ያለ ነው። ነጭ ቀሚስ የለበሰች የስምንት ዓመት ልጅ በሜዳ ላይ ትሮጥና አንድ ቤት ደርሳ በሩን ትደበድባለች።

"እኔ ነኝ" አሉ ሚስስ ሩት፣ ፊታቸው በርቶ።

በሩ ገርበብ ብሎ ሲከፈት ፊልሙ አለቀ።

"አሁን የምትከፍትልኝ እናቴ ናት" አሉኝ። "በዚያው ዓመት ሞተች፤ ፎቶዋ እንኳ የለኝም። በል ቀጣዩን አስገባልኝ።"

ሰውየው አቀረቀረ።

"እማማ፣ ቀጣዩ የለም። እኔ ጥዬዋለሁ" አልኳቸው።

"ነግሬህ ነበር እኮ" አሉኝ። አልተቆጡም። ካሴቱን መልሼ እንዳጠነጥነው በጣታቸው አሳዩኝ።

ከዚያ በኋላ እስከሞቱበት ክረምት ድረስ በየቀኑ ያዩት ነበር። ልጅቷ በሩ ጋ ስትደርስ እኔ ወደ ኩሽና እሄዳለሁ።

ተስፋልደት "በምን ልታውቅ ትችል ነበር?" እያለ ያጽናናኛል። እውነት ነው፣ ፊልሙ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ግን እናቴ እዚያ ውስጥ ናት ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ዛሬም በዚሁ ሥራ ላይ ነኝ። አረጋውያን የማይመስል ነገር ሲነግሩኝ እጄን ከሥራ አንስቼ "ከዚያስ?" እላለሁ። ብዙ ጊዜ እውነትም ተምታቶባቸው ነው። ቢሆንም እስኪጨርሱ አዳምጣለሁ። ለሚስስ ሩት ግን ይሄ ምን ያደርግላቸዋል?