በነሐሴ በር የሚያንኳኩት አስተማሪ

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከምኖርባት፣ ከዴንቨር አጠገብ ካለችው ከኦሮራ ተነሣሁ። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ የሊያ አስተማሪ «ይምጡና እንነጋገር» የሚል ወረቀት ስትልክብኝ ሁለተኛ ጊዜዋ ነው። «ወላጅ አምጡ» እየተባልን ላደግን ሰዎች ይኼ ጥፋት ማለት ነው። ሊያን ተቆጣኋት፤ አለቀሰች። ጥቁሮች የበዙበት ትምህርት ቤት ስለሆነ ነው የተበላሸችው ብዬም ፈረድኩ፤ ቤቴ መስተዋት የሌለ ይመስል! የትምህርት ቤት መቀየሪያ ፎርም ሞልቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ። የሥራ ባልደረባዬ ግን ከማስገባቴ በፊት አክስቷን ሚስ ዶሮቲን እንዳማክር ለመነችኝ፤ ጡረታ የወጡ ጥቁር አስተማሪ ናቸው።

በአንድ ዶላር ከሃምሳ አውቶቡስ ተሳፍሬ የኮልፋክስን ጎዳና ይዤ ወደ ዴንቨር ሄድኩ። ሞቴል፣ ጎማ ቤት፣ የእኛ ሰዎች ሱቅ፣ ደግሞ ሞቴል። ዳውንታውን ወርጄ በባቡር ወደ ሚስ ዶሮቲ ሰፈር፣ ወደ ፋይቭ ፖይንትስ ቀጠልኩ።

አራት ሰዓት ተኩል

ሚስ ዶሮቲ ትኩስ የኮክ ኬክ አቀረቡልኝና አንድ ያረጀ መጽሐፍ ገለጡ። ልጅ ሆነው ቴክሳስ የተማሩበት ነው። የነጮቹ ትምህርት ቤት ሲጥለው ለጥቁሮቹ ልጆች የተሰጠ ስለሆነ፣ የስም መጻፊያው መስመር በሌሎች ልጆች ስም ሞልቷል። አስተማሪያቸው ነጭ ወረቀት ለጥፈውበት «የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ፣ ጻፊ» አሏቸው። ሚስ ዶሮቲ አድገው አስተማሪ ሆነው ዴንቨር ሲመጡ፣ ጥቁርና ነጭ የሚለይ ታፔላም ሕግም አላዩም፤ ሥራ ያገኙት ግን ጥቁሮች በሚኖሩበት ሰፈር ብቻ ነበር። እሳቸውም በየዓመቱ ነሐሴ፣ ትምህርት ሳይከፈት፣ የእያንዳንዱን ተማሪ ቤት ያንኳኩ ነበር። የቀረበላቸውን በልተው፣ ማን ውሻ እንደሚፈራ፣ ማን ቁርስ እንደማይበላ አውቀው ይመለሳሉ።

«ወላጆቹ አይደነግጡም ነበር?» ስል ጠየቅኳቸው።

ሳቁ። ከዚያ የሊያ አስተማሪ የላከችውን ወረቀት ተቀብለው አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጅሽ ምንም አላጠፋችም። አስተማሪዋ አንቺን ማወቅ ነው የፈለገችው። እኔ በእግሬ የምሄደውን እሷ በወረቀት ላከችው። ለመሆኑ ስሟ ማነው?»

አላውቅም። ሁለት ጊዜ ጽፋልኝ ስሟን አላነበብኩም። አፈርኩ።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ቤቴ

ሊያን ይቅርታ ጠየቅኳት። ስለ አስተማሪዋ ንገሪኝ ስላት ጠረጠረችኝ፤ «አም አይ ኢን ትራብል?» አለች። አይደለሽም፣ ምንም አላጠፋሽም አልኳት። በዚያን ጊዜ ነው ወሬዋ የተከፈተው፤ እስኪመሽ ስለ ሚስ ካርተር ሰማሁ። ያን ያህል መንገድ የሄድኩት ልጄን መጠየቅ የነበረብኝን ለመማር ኖሯል።

ፎርሙን ገለበጥነው። እኔ እየተናገርኩ ሊያ በጀርባው ለሚስ ካርተር ጻፈች፤ ሰኞ እመጣለሁ፣ በነሐሴ ደግሞ ቤታችን ይምጡ። ከሥር ልፈርም ብዕሩን ስጠይቃት ቆይ አለችኝና፣ አስቀድማ የራሷን ስም ጻፈች።