የገባ ሁሉ አይሠራም

ዛሬ ጠዋት መርካቶ ዕቃ የሚያስመጣው ጋሼ መኩሪያ አባቴ ጋ ደወለ። አባቴ ስልኩን ዘግቶ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገና፣ «መጋዘን ያለው ዲስክ ተደበላልቆበታል። ልጅህ መጥታ ትለይልኝ እያለ ነው» አለኝ። ሳምቡሳዬን አስቀምጬ፣ መሳለሚያ ባለችው ጠባብ የኮምፒውተር መጠገኛችን ውስጥ ጨፈርኩ። (ፊት ለፊት ጋሼ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን አንቱታው ይቅርበት።)

ነገሩ ከሦስት ዓመት በፊት ነው። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ ክረምት፣ ትምህርት የተዘጋበት ጊዜ። አባቴ የጥገና ጠረጴዛውን እኩሌታ ለቆልኝ፣ የራሴን ካቻቪቴ ሰጥቶኝ ነበር። ከዚያ በላይ የምፈልገው ነገር አልነበረም።

እሱ ሥራ ሲጀምር ዲስክ የሚያያዘው ቀበቶ በሚያክል ጠፍጣፋ ሽቦ ነበር። ቀጥሎ ሳታ የሚባለው ቀጭኑ መጣ። በኔ ጊዜ ደግሞ ዲስኩ ራሱ እንደ ማስቲካ ቀጥኖ፣ ያለ ሽቦ ቦርዱ ላይ ይሰካ ጀመር። ችግሩ ይቺ ማስቲካ ሁለት ዓይነት መሆኗ ነው። አንዷ በአሮጌው በሳታ ቋንቋ ታወራለች፣ ሌላዋ ኤንቪኤምኢ በሚባለው ፈጣኑ። መልካቸው ግን አንድ ነው።

አንድ መምህር የላፕቶፑ ዲስክ ተበላሽቶበት መጣ። ፈጣኑን ብቻ የሚቀበል ማሽን ነው። አባቴ ዲስክ እንድገዛ መርካቶ መኩሪያ ዘንድ ላከኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ ፈጣኑ፣ አዲሱ ዓይነት ለመሆኑ እርግጠኛ ነዎት?»

«የገባ ሁሉ ይሠራል፣ የኔ ልጅ።»

ገባ። ማሽኑ ግን አላወቀውም። በዝናብ፣ በጭቃ ተመልሼ ሄድኩ። መኩሪያ ዲስኩን ከፍ አድርጎ ለደንበኛውም ለተሸካሚውም አሳየ።

«ጠጋኟን እዩልኝ። አቃጥላው መጣች። ሂጂ ሽንኩርት ላጪ፣ አባትሽን ላኪው።»

ሱቁ በሙሉ ሳቀ። አባቴ መምህሩን ይቅርታ ጠየቀና ካቻቪቴውን ከእጄ ቀስ አድርጎ ወሰደ። «ለጊዜው ደንበኛ ተቀበይ፤ ጠረጴዛው ይቆይሽ።» ቢቆጣኝ ይሻል ነበር።

በማግስቱ ምን አለሽ ተራ ወረድኩ። ቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ ጆሮ ሲያደነቁሩ፣ ከውራጅ ቦርድ ክምር መሃል ተቀምጬ፣ የተጠበሰ በቆሎ እየጋጥኩ ማስቲካዎቹን አንድ በአንድ አስተያየሁ። ለካ ቦርዱ ላይ የሚሰካው ወርቃማ ጥርሳቸው ላይ ፍንጭት አላቸው። ሁለት ፍንጭት ያላት ብዙውን ጊዜ አሮጌዋ ናት፤ ባለ አንዷ አዲሷ። የኔዋ ሁለት ነበራት። አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ብሰካት ቁጭ ብላ ሠራች።

ሮጬ ለአባቴ መንገር እችል ነበር። አልነገርኩም። የክፍለ ሀገር ነጋዴ የመኩሪያን ሱቅ እስኪሞላው፣ ቅዳሜን ጠበቅኩ።

ቅዳሜ ያንን አሮጌ ላፕቶፕ ተውሼ፣ ታቅፌው ገባሁ። ቡታጅራ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ያላቸው እትዬ ዘይነባ አንድ ካርቶን ዲስክ እያሳሰሩ ነበር።

«እትዬ፣ ሳይታሰር አንዷን ይዩልኝ። ጥርሷ ላይ ስንት ፍንጭት አላት?»

«ሁለት። ምነው?»

«የፈለጉት አዲሱን ነው?»

«አዎ፤ የተማሪዎቼ ማሽን ሌላ አይቀበልም።»

«አንቺ ልጅ፣ ውጪልኝ» አለ መኩሪያ።

«ቆይ እስቲ መኩሪያ፣ ትናገር» አሉ እትዬ።

ላፕቶፑን ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ ከፈትኩት። «ይሄ አቃጠልሽው የተባልኩት ዲስክ ነው። አሮጌ ማሽን ላይ ይሠራል፤ አሮጌው ዓይነት ስለሆነ። የእርስዎም እንደሱ ነው።» ከዚያ ወደ መኩሪያ ዞርኩ። «ጋሼ፣ ሽንኩርቱን ማን ይላጠው?»

መጀመሪያ የሳቁት ተሸካሚዎቹ ናቸው። እትዬ ዘይነባ ካርቶኑን እዚያው ትተው ወጡ። መኩሪያ ዲስኬን በአዲሱ ዓይነት ቀየረልኝ። አባቴ ምን እንደተፈጠረ ከሰማ በኋላ ወንበሩን ፈቀቅ አድርጎ ካቻቪቴውን ፊቴ አኖረው።

አባቴ ወደፊት ለሁሉም አንድ ቀዳዳ ብቻ ይቀራል ይላል። እውነት ነው፤ አሁንም የስልክና የዲስክ ገመድ አፋቸው አንድ እየሆነ ነው። እኔ ግን አፉ አንድ በሆነ ቁጥር ውስጡን የሚያውቅ ሰው የሚያንስ ይመስለኛል፤ ለዋሾም ይመቸዋል።

«ትሄጂለታለሽ?» አለኝ አባቴ ቅድም፣ ስጨፍር አይቶ።

«አልሄድም።»

«ቂመኛ ነሽ።»

«ነኝ።»

ይልቅ እናንተን ልጥራ። ማስቲካ ዲስክ ገዝታችሁ ማሽናችሁ አላውቃትም ካለ፣ ቅዳሜ ጠዋት ጠረጴዛዬ ጋ ኑ፤ በነፃ አይላችኋለሁ። ከመኩሪያ የገዛችሁ ደግሞ በጊዜ ኑ። ሱቁ ሳይሞላ አንሄድም፤ ሲሞላ ግን አብረን እንገባለን።