የሦስተኛው መስኮት ሰልፍ

ወንድሜ አናጢ ነው። እንጨት ሲያይ ፊቱ ይፈካል፣ ሰው ሲያይ ይሽኮረመማል። ዕድሜውን የፈጀው በአሮጌው ፖስታ ቤት የጎበጠ በር ሲያቃና፣ የላላ ማጠፊያ ሲያጠብቅ ነው። ሚስቱንም ያገኛት እዚያው ነው። ሦስተኛው መስኮት ላይ ተቀምጣ ደብዳቤ ትቀበል ነበር። ማኅተሟን ስታሳርፍ ድምፁ ጣሪያ ድረስ ወጥቶ ስለሚመለስ ደንበኞቹ «እትዬ መዶሻ» ይሏታል። የተጋቡ ዕለት የሥራ ባልደረቦቻቸው «ሁለት መዶሻ አንድ ቤት ገባ፣ ጎረቤት ጆሮህን ድፈን!» ብለው ስቀውባቸዋል።

ያ ሕንፃ የዋዛ ሕንፃ አይደለም። ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፤ ብርሃን ከላይ በመስታወቱ ይወርድበታል። የድንጋይ ደረጃው መሃሉ በእግር ብዛት ጎድጉዷል። ጡረተኛው የሚቀጣጠረው፣ የተጣላው የሚታረቀው፣ ዝናብ የመታው የሚጠለለው እዚያ ነበር። የመስኮቶቹም ጠርዝ የስንቱ ክርን አርፎበት ተበልቷል። እትዬ መዶሻ ታዲያ ከዚያ ጠርዝ ጀርባ ሰልፍ እያየች መስኮት ዘግታ፣ ሰው ቆሞ «ነገ ይምጡ» ብላ አታውቅም። የመሥሪያ ቤት ደጅ የጠና ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ጡረታ ከወጣች በኋላ መርሳት ጀመረች። መጀመሪያ ቁልፍ፣ ቀጥሎ የጎረቤት ስም፣ በመጨረሻ ባሏን። እኔን ሠራተኛ እመስላታለሁ መሰለኝ ዝም ትለኛለች። እሱን ግን ትፈራዋለች። «ይሄ ሰውዬ እዚህ ምን ይሠራል? ቆይ፣ ባሌ ይምጣ!» ትለዋለች፣ ባሏን። አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። የሚያድረው ሳሎን ሶፋው ላይ ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ የምኖረው ከእነሱ ጋር ስለሆነ ይህን ሁሉ በዓይኔ አየዋለሁ።

አንድ ቀን ጠፋችብን። ብንፈልግ ብንፈልግ፣ ለካ ፖስታ ቤት ሄዳ ሦስተኛው መስኮት ላይ ተቀምጣለች። ደብዳቤ የሚልክ ሰው ስላነሰ ያ መስኮት አገልግሎት ካቆመ ቆይቷል። ሠራተኞቹ አዝነውላት ቀለም የሌለው ማኅተምና የማይፈለግ ወረቀት ሰጥተዋታል። ወንድሜ ሊወስዳት እየፈራ እየተባ ቀረበ።

«አቤት አባቴ፣ ምን ልታዘዝ?» አለችው፣ ፈገግ ብላ።

ክርኑን ጠርዙ ላይ አሳረፈ። «ደብዳቤ ልልክ ነበር።»

«ለማን ነው?»

«ለባለቤቴ።»

«ሩቅ ናት?»

«ትንሽ ራቅ ብላለች።»

«አያስቡ፣ ይደርሳታል» አለችና ማኅተሙን አሳረፈች። ድምፁ ጣሪያ ደርሶ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እኔ አደርሳታለሁ፣ እሱ ቆየት ብሎ ይመጣና መስኮቷ ላይ ይቆማል። ከሚስቱ ጋር ሳይፈራራ የሚነጋገርበት ቦታ በዓለም ላይ ያ ብቻ ነበር። ጢሙን ተላጭቶ፣ ኮቱን ለብሶ ነው የሚሄደው። «ሙሽራው!» እለዋለሁ። ይስቃል።

ከዚያ ሕንፃው ቅርስ ነው ተባለ። ሲፈርስ ከማየት ሲታደስ ማየት ይሻላል፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ ግን አላለኝም። ዙሪያውን በቆርቆሮ አጠሩት። ሲከፈትም ሙዚየም ስለሚሆን መስኮቶቹ ፊት ገመድ ይወጠራል አሉ። እትዬ መዶሻ «ሰው እየጠበቀኝ ነው!» እያለች ቆርቆሮውን በመዳፏ ደበደበች። ይዣት ስመለስ መንገዱን ሁሉ አለቀሰች። ቤት ገብታ ወንድሜን ስታየው ደግሞ ጮኸች።

ወንድሜ ሄዶ እድሳቱን የምትመራውን መሐንዲስ ለመናት፤ መስኮቱን ስጡኝ ብሎ። ትሁት ልጅ ናት። «ጋሼ፣ ቅርስ እኮ ነው፤ ሚስማር እንኳ ከዚህ አይወጣም» አለችው። «ሚስማሩን የመታሁት እኔ ነኝ» አላላትም። እኔ ብሆን እላት ነበር! ልኩን እንዲወስድ ግን ፈቀደችለት።

የመኝታ ቤቱን በር ከወገቡ በላይ ቆርጦ መስኮት ይሠራ ጀመር። «ቤት ነው ባቡር ጣቢያ? ሰው ምን ይለናል?» ብዬ ጮህኩበት። ክርን የሚያርፍበትን ጉድጓድ ሳይቀር ፍቆ፣ አሽቶ፣ አለሰለሰው።

ሲያልቅ ከውስጥ በኩል ወንበር አድርጌ አስቀመጥኳት። ጠርዙን ዳበሰችው፤ እጇ ጉድጓዱ ላይ ሲደርስ ቆመ። ወንድሜ ኮቱን ለብሶ ከሳሎን በኩል ቀረበ።

«ደብዳቤ ልልክ ነበር።»

ቀና ብላ ጣሪያችንን አየች። ዝቅ ያለ ጣሪያ ነው። ከዚያ እሱን አተኩራ አየችው።

«ዛሬ ተዘግቷል» አለች። «ነገ ይምጡ።»

መዝጊያውን ሳበችው።

እኔ እንባዬን መያዝ አቃተኝ። እትዬ መዶሻ እንዲህ ትበል? እሱ ግን ከተዘጋው መስኮት ፊት ሳይነቃነቅ፣ «አልጮኸችብኝም እኮ» አለ።

ጠዋት ስነሳ ተላጭቶ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ፖስታውን ይዞ እዚያው ቆሟል። ከውስጥ ወንበር ሲንቀሳቀስ ይሰማል፤ መዝጊያው ግን አልተከፈተም። አንድ ሰው ብቻውን ሲቆም ሰልፍ አይመስልም። የሻይ ማንቆርቆሪያውን ከእሳት ላይ አወረድኩና ሄጄ ከኋላው ቆምኩ።

«ይቅርታ፣ የመጨረሻው እርስዎ ነዎት?» አልኩት፣ ከውስጥ እንዲሰማ ጮክ ብዬ።