የውሾቹ ዳኛ

በቧንቧ ውሃ ሰፈር ሽማግሌውን በስሙ የሚያውቀው አልነበረም። በቀይ ሽብሩ ሰሞን የሰፈሩ ውሾች የመንገድ ዳር ሬሳ ስለለመዱ፣ እንዲያጠፋቸው ቀበሌው ያመጣው ሰው ነው። ያረጀ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ መርዝ የገባበትን ሥጋ በጣሳ ይዞ ይዞራል።

ጣይባ ከደጇ ቆማ አየችው። የእሷን ውሻ ወደ ራሱ አቅርቦ ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ ጥርሱን አየ፤ ቁመቱን በስንዝር ለካ፤ ከኪሱ ማበጠሪያ አውጥቶ ጀርባውን አበጠረለት።

«እረኛ» አለ ቀስ ብሎ።

«ጋሼ፣ በአላህ፣ ለሚገድሉት ውሻ ይሄ ሁሉ ምን ያደርግልዎታል?»

«አስመራ ሳለሁ የፈረንጆቹን ውሾች ለቁመና ውድድር የማቀርበው እኔ ነበርኩ፣ ልጄ። እረኛው ከእረኛ፣ አዳኙ ከአዳኝ፣ ዘበኛው ከዘበኛ ጋር ተመድቦ ይቆማል። ምን እንደሆነ ሳይታይ የሚፈረድበት ውሻ የለም።»

ከዚያ የውሻውን ራስ ደባብሶ ሥጋውን ሰጠው።

ጣይባ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ባለፈው ሐሙስ የቀበሌው ታጣቂዎች ልጇን ጀላልን ከዚሁ ደጅ ሲወስዱት፣ ስሙን እንኳ የጠየቀው አልነበረም።