ጾሟን ያልገደፈችው ሎሚ

ንዕማት ቁጡ ናት። በግብጿ ፋዩም ገበያ "ንዕማት መጣች!" ከተባለ አህያው ሳይቀር መንገድ ይለቃል። የዚያን ቀን ግን መቆጣቷ ሲያንሳት ነው!

ሎሚ እዚያ እንደ ሰው ይጾማል። ሙቀቱ ሲከር አርባ ቀን ውሃ ይከለከላል። ቅጠሉ ጠወለገ ብሎ ማዘን የለም። በአርባኛው ቀን ቦዩ ሲከፈትለት ዛፉ አበባ በአበባ ይሆናል፤ በጸደይ፣ ገበያው ሎሚ አጥቶ ሲንጫጫ፣ ያፈራል። ይህን ያስተማሯት አማቷ ናቸው። ባሏ ከሞተም ወዲህ ሠላሳውን ዛፍ ብቻዋን ስትኮተኩት፣ እጇን እሾህ ሲበላት ኖራለች።

የባሏ ወንድም በድራን ግን ካይሮ ከተመና ቦታው ላይ ፎቅ መሥራት አማረው። "ማሳው የጋራ ነው፤ ዛፉ ይቆረጥ" አለ። በመጨረሻ የመንደሩ ሽማግሌ ሼህ ዑወይስ ፊት ቃል ተገባቡ፦ በጸደይ ከዚህ ማሳ ሎሚ ከተለቀመ ዛፎቹ ይኖራሉ፤ ካልተለቀመ መጋዝ ይገባል።

ጾሙ በተያዘ በሃያ ስድስተኛው ቀን ንዕማት ከልቅሶ ስትመለስ ማሳው በውሃ ተጥለቅልቋል። በድራን ሱሪውን ሰብስቦ ቦዩ ዳር ቆሟል።

"አንተ ሰው፣ ምን ጉድ ሠራኸኝ?"

"እትዬ፣ ደርቀው ሳያቸው አንጀቴ አልችል አለ። አዘንኩላቸው።"

"አዘንኩ? ሎሚ ሥር ተወልደህ? ሂድ፣ ሞኝህን ፈልግ!"

ደሟ ፈልቶ ጭቃውን እየረገጠች ዛፍ በዛፍ ዞረች። ሁሉም ጠጥተዋል፤ ከእንግዲህ ቅጠል እንጂ አበባ የላቸውም። አጥሩ ጥግ ስትደርስ ግን ቀጥ አለች። በድራን ሲወለድ እናቱ የተከሉለት ዛፍ ዙሪያውን በአፈር ተገድቧል፤ ሥሩ ደረቅ ነው። የልደት ዛፉን ጾም ያስገደፈ ክፉ ይገጥመዋል ይባላል፤ እሱም ፈርቷል። ንዕማት በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጣዋን ዋጠች። በአርባኛው ቀን ያቺን ዛፍ ራሷ አጠጣቻት።

ጸደይ ሲገባ በድራን መጋዝ ካነገቡ ሁለት ሰዎች ጋር መጣ። ሼህ ዑወይስም ተጠርተዋል።

"እትዬ፣ ያው ቃል ቃል ነው" አለ በድራን፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

"ሼህ፣ እስቲ ወዲህ ይምጡልኝ!"

ጥጓ ላይ ያቺ ዛፍ በሎሚ ብዛት ጎብጣለች። ሼሁ የአፈሩን ግድብ አዩ፤ ቀጥለው በድራንን አዩት።

"ይቺስ እንዴት አፈራች?"

"ጾመኛ ናታ! ጌታዋ አላዘነላትም!" ንዕማት ጮኸች። "የኔን ልፋት ገድሎ የራሱን ነፍስ አተረፈ! አላህ ይይልህ፣ አንተ ከሀዲ!"

ሼሁ አንድ ሎሚ ቀጥፈው በድራን መዳፍ ላይ አኖሩ።

"በጸደይ ከዚህ ማሳ ሎሚ ከተለቀመ ነበር ያላችሁት። ይኸው፣ ካንተው ዛፍ ተለቀመ። መጋዝህን ይዘህ ግባ።"

ንዕማት ግን አልበረደላትም። እስከ አስፋልቱ ድረስ እየተከተለች ሰደበችው።