ሁለቱ ድንጋዮች

ሜሊቶን አንድን ሰው ለመግደል አሥራ አንድ ዓመት ተለማመደ።

ሰውየው ኤቫሪስቶ ይባላል፤ ከወንዙ ማዶ ያለው የቻውፒሱዮ መንደር ሰው ነው። በየዓመቱ በጥር ወር ቻውፒሱዮዎችና የሜሊቶን መንደር ኮልፓንታዎች ከኩስኮ ከተማ በላይ ወዳለው ደጋ ወጥተው በወንጭፍ ይዋጋሉ። መሬት ደም ካልቀመሰች ድንቹ አይሰጥም ይላሉ። በዚያ ቀን ለሞተ ሰው ክስ የለም፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል። የሜሊቶን ታላቅ ወንድም ጉሜርሲንዶ ግን የገባው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ነበር። ግንባሩን የከፈተው የኤቫሪስቶ ድንጋይ ነው።

ቂም መያዝ በአገሩ ነውር ነው። ሜሊቶን ያዘ።

ከእርሻ ሲመለስ ከቤቱ ጀርባ ባለው ገደል ላይ ላማ የሚባለውን የአገሩን የጭነት እንስሳ አሮጌ ቆዳ ሰቅሎ፣ መቶ ሃምሳ እርምጃ ለክቶ ይወነጭፍ ጀመር። ትምህርት ቤት የገባው ለሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ቀሪውን ድንጋዩ አስተማረው። ጉልበቱ ያው፣ ድንጋዩ ያው ሆኖ አንድ ቦታ የሚያደርሱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ዝቅ ብሎ ፈጥኖ ይሄዳል። ሌላኛው ወደ ሰማይ ይወጣል፤ በወጣ ቁጥር መውጣቱ እየደከመ ይሄድና ጫፍ ላይ ያልቅበታል፤ ከዚያ ሲወርድ ያጣውን ፍጥነት እየሰበሰበ ይመጣል። ወደፊት መጓዙን ግን ለአፍታም አያቋርጥም። የሚያርፉት እዚያው ቆዳ ላይ ነው፤ ከፍ ያለው ዘግይቶ ይደርሳል እንጂ። እንግዲህ ከፍ ያለውን አስቀድሞ ዝቅ ያለውን ቢያስከትል፣ ሁለቱም እኩል ይደርሳሉ። ሰው ደግሞ ዓይኑ የሚሄደው ከሰማይ ወደሚመጣው ነው።

ጊዜውን የሚለካው ሴቶቹ እንቁላል ሲቀቅሉ እንደሚለኩት በጸሎት ነበር። የመጀመሪያውን ለቆ አባታችን ሆይ ይላል፤ የዕለት እንጀራ ላይ ሲደርስ ሁለተኛውን ይለቃል። ከዚያ ያቆማል።

በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ሜዳው ላይ ከረፋድ ጀምሮ ድንጋይ እንደ በረዶ ወረደ። አንዱ ጥርሱን በመዳፉ ይዞ ደም እየተፋ ሮጠ። አንድ ፈረስ ጉልበቱ ተሰብሮ ጋላቢውን ከሥሩ ጨፈለቀው።

«እናንተ ኮልፓንታዎች! ክንዳችሁ ዛለ እንዴ? ሚስቶቻችሁን ላኩልን!» ብለው ከማዶ ጮኹ።

«ሚስቶቻችንማ ከእናንተ ጋር መዋጋት ንቀው ነው!» ብሎ መለሰ ካሲያኖ፣ የሟቹ የጉሜርሲንዶ ልጅ፤ የሃያ አምስት ዓመት ጎልማሳ ነው፤ ፈረሱ ላይ ሆኖ ይስቃል። ከዚያ ወደ ሜሊቶን ጎንበስ አለ። «አጎቴ፣ ያውልህ። ቀይ ባርኔጣ ያደረገው።»

መቶ ሃምሳ እርምጃ ይሆናል። ሜሊቶን የመጀመሪያውን ወደ ሰማይ ለቀቀ። ኤቫሪስቶ ቀና ብሎ ያየው ጀመር። ሁለተኛው ድንጋይ በወንጭፉ ውስጥ ይዞራል፤ የሜሊቶን ከንፈር ይንቀሳቀሳል። የዕለት እንጀራችንን... ጣቱ መልቀቅ ነበረበት። አፉ ግን ያን ቀን አልቆመም፤ በደላችንን ይቅር ወደሚለው አለፈ። እኛም፣ አለ፤ የበደሉንን፣ አለ። የገዛ ድምፁን ሰምቶ ክው አለ። ድንጋዩን የለቀቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ዘገየ። ኤቫሪስቶ የሰማዩን ድንጋይ በአንድ እርምጃ አሳልፎ ዓይኑን ወደፊት ሲመልስ ሁለተኛውን አየ። ራሱን አሸሸ፤ ድንጋዩ ትከሻውን ሰበረው። ወደቀ። ጓደኞቹ ጥለውት ሸሹ።

ካሲያኖ እልል እያለ ፈረሱን ኮለኮለ። ሜሊቶን በእግሩ ሮጠ። ለምን እንደሚሮጥ አላወቀም፤ ብቻ ካሲያኖ ወርዶ እጅ የሚሞላ ድንጋይ ሲያነሳ እርሱ ደረሰ። በሜዳው ሕግ የወደቀን ሰው ባርኔጣ ቀድሞ ያነሳ፣ ምርኮኛው የእርሱ ነው፤ ሌላ እጅ አይነካውም። ሜሊቶን ቀዩን ባርኔጣ አንስቶ በገዛ አናቱ ላይ ደፋው።

«አጎቴ፣ ዞር በል! የአባቴ ደም ነው!»

«የወንድሜም ነው። ባርኔጣው የት እንዳለ አይታይህም?»

«አውልቀው!»

«ና አንተ አውልቀው።»

የካሲያኖ አለንጋ ሁለት ጊዜ አረፈ፤ አንዱ ጆሮውን ሰነጠቀ። ሜሊቶን ጥርሱን ነክሶ ቆመ። ካሲያኖ እያለቀሰ ድንጋዩን ጣለ። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቆዳ ስትደበድብ ከርመህ ለዚህ ነው? ፈሪ ሽማግሌ!» ብሎ ፈረሱ ላይ ወጣ።

«ለምን አትጨርሰኝም?» አለ ኤቫሪስቶ ከመሬት።

«ብዙ አታውራ። መራመድ ትችላለህ?»

«ወንድምህን...»

«አልጠየቅኩህም። በዚህ ጎንህ ደገፍ በልብኝ።»

እስከ ወንዙ ደግፎ ወሰደው። ውሃው ዳር ኤቫሪስቶ በደህና እጁ የሜሊቶንን ክንድ አጥብቆ ጨበጠ፤ ከዚያ ተሻገረ።

ሜሊቶን ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ሌዮካዲያ በር ላይ ነበረች። ደሙን አየች፣ ባርኔጣውን አየች፣ የማን እንደሆነም አወቀች። በየዓመቱ በዚህ ቀን የምትፈራው ባሏ ነፍስ አጥፍቶ እንዳይመጣ ነበር።

«ባርኔጣው ይኸው መጣ» አለች ቀስ ብላ። «ራሱስ?»

«ራሱ እቤቱ ገብቷል።»

ሌዮካዲያ ደፉ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። «ተመስገን» አለች፤ ደጋግማ አለችው። ጆሮውን የሰነጠቀው ማን እንደሆነ ከነገራት በኋላ ተነሳችና፣ «ና ግባ፣ ጆሮህን ልጠብልህ። ካሲያኖን ነገ አብረን ሄደን እንለምነዋለን፤ ልጃችን ነው» አለችው።